ለስላሳው ድምፅና አንዲቷ ጊታር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ ዘንድሮ የሚመረቁትን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በመወከል የተነገረ ንግግር)



የምሥረታ በዓል በሚከበርበት ቀን ቍጥር መቍጠር የተለመደ ነው። ስንት ክፍል ተሠራ፣ ስንት ተማሪ ተመረቀ፣ ስንቱስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገባ ይባላል። ይህም ተገቢ ነው፤ ያልተቈጠረ ነገር ይረሳልና። እኛ ግን ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች በተሰጠን በዚህ አጭር ጊዜ ከመዝገብ ስለማይገባ አንድ ጕዳይ ልንናገር ፈቅደናል። ይኸውም አንድ ትምህርት ቤት ድምፁ ዝቅ ላለ ተማሪ ምን ሊያደርግለት ይችላል የሚለው ነው። ለዚህም ማስረጃ እንዲሆነን የመረጥነው የአንዲት ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ የመጀመሪያ ሸክላ ነው። ዘፋኟ ትሬሲ ቻፕማን ትባላለች፤ አገሯም አሜሪካ ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ልጆች በዚህ መድረክ ላይ ስለ ዓለማዊ ዘፈን መናገራችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚህ ታሪክ መካከል አንድ ትምህርት ቤትና አንድ ቄስ ስላሉበት እስከ መጨረሻው እንድትታገሡን እንለምናለን። ዓመታቱንም ሁሉ የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።

ትሬሲ ቻፕማን በ1964 ዓ.ም. በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ተወለደች። አባትና እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስለ ተለያዩ ያሳደገቻት እናቷ ናት፤ ኑሯቸውም የችግር ኑሮ ነበር። ይሁን እንጂ እናቲቱ ልጅቷ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለች ዩከሌሌ የተባለውን ባለ አራት አውታር ትንሽ የጊታር ዓይነት ገዛችላት። እኛ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስባለን። ገንዘብ በሌለበት ቤት ለሦስት ዓመት ሕፃን የሙዚቃ መሣሪያ መግዛት ለጎረቤት ብኩንነት መስሎ ሳይታይ አይቀርም። ልጅቷ ግን በስምንት ዓመቷ ጊታር መምታትና የራሷን ዘፈን መድረስ ጀመረች።

ከዚህ በኋላ «ኤ ቤተር ቻንስ» የተባለ ድርጅት ረዳት። የዚህ ድርጅት ሥራ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ዕድል የራቃቸውን ጎበዝ ተማሪዎች ወደ ጥሩ ትምህርት ቤቶች ማስገባት ነው። በእርሱም አማካይነት በኮነቲከት ግዛት በዳንበሪ ከተማ ወደሚገኘው ወደ ዉስተር ትምህርት ቤት ገባች። ከእናቷና ከሰፈሯ ተለይታ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች ከባለጸጋ ቤት በመጡበት ስፍራ የምትኖር ዝምተኛ ልጅ ነበረች። በዚያ ሳለች የትምህርት ቤቱ ቄስ ተሰጥኦዋን ተመለከቱ፤ ከመምህራኑና ከተማሪዎቹም ገንዘብ አሰባስበው አዲስ ጊታር ገዙላት።

የእኛ አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ያ ቄስ ያደረጉት ነገር ከዚህ ምሳሌ ጋር አንድ ነው። ትልቅ አዳራሽ አላሠሩም፤ የዘፈን ውድድር አዘጋጅተውም አሸናፊ አልመረጡም። ገንዘብ ያዋጣውም ተማሪ ቢሆን አንድ ቀን ዓለም የሚያውቃት ሰው ትሆናለች ብሎ ሊያስብ አይችልም ነበር። የተመለከቱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህች ልጅ የምትናገረው ነገር አላት፣ የምትናገርበት መሣሪያ ግን ያስፈልጋታል።

ትሬሲ ቻፕማን ከዉስተር ከወጣች በኋላ በማሳቹሴትስ ግዛት ወደሚገኘው ወደ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሰውን ልጅ ባሕልና አኗኗር የሚመረምረውን አንትሮፖሎጂ የተባለ ትምህርት አጠናች፤ በዲግሪም ተመረቀች። ከትምህርቷ ጎን ለጎን በየአደባባዩና በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ቆማ ትዘፍን ነበር። ብራያን ኮፐልማን የተባለ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ድምፅዋን ሰምቶ ተደነቀ፤ አባቱ በሙዚቃ ሥራ የታወቁ ሰው ነበሩና ነገሩን ለእርሳቸው አደረሰ። በዚህም መንገድ ኤሌክትራ ከተባለው የሸክላ ኩባንያ ጋር ውል ተዋዋለች። እንግዲህ ልብ አድርጉ፤ ጊታሩን ያዋጡት ተማሪዎች ነበሩ፣ ወሬውንም ያደረሰው ተማሪ ነበር።

በዚያን ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያውን የያዘው በኤሌክትሪክ መሣሪያ የተቀነባበረ፣ ለጭፈራ የሚሆን፣ ድምፁ ከፍ ያለ ሙዚቃ ነበር። አንዲት ወጣት በአንዲት ጊታር ስለ ድኾች ኑሮ ለስላሳ ዜማ ብታሰማ ማን ይገዛታል ተባለ። ከዚህም የተነሣ ሸክላውን እንዲያዘጋጁ ከተጠየቁት ባለሙያዎች ብዙዎቹ ሳይቀበሉት ቀሩ። በመጨረሻ ዴቪድ ከርሸንባም የተባለው አዘጋጅ ተቀበለው። እርሱም ትልቁን ጥበብ የፈጸመው በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው ለማለት እንደፍራለን። ድምፅዋና ጊታሯ ከፊት ሆኑ፤ የቀሩት መሣሪያዎች፣ ከበሮውም ሆነ ባሱ፣ ከኋላ ሆነው እንዲያጅቡ ተደረገ። ሸክላው «ትሬሲ ቻፕማን» በሚለው በራሷ ስም ተሰይሞ በአፕሪል ወር 1988 ዓ.ም. ወጣ። በውስጡ 11 ዘፈኖች አሉ፤ ግጥማቸውንም ዜማቸውንም የደረሰችው እርሷ ራሷ ናት። ሁሉም ተደምረው 40 ደቂቃ አይሞሉም።

እኛ በዚያን ጊዜ አልተወለድንም። ሸክላውን የሰማነው በስልካችን ነው፤ ከአንድ ጊዜም በላይ በኅብረት ተቀምጠን አዳምጠነዋል። ስለዚህ የሰው ወሬ ብቻ ሳይሆን የራሳችንንም ፍርድ ለመስጠት እንሞክራለን።

ከዘፈኖቹ ሁሉ የታወቀው «ፋስት ካር»፣ ማለትም «ፈጣን መኪና» የተባለው ነው። በዘፈኑ ውስጥ የምትናገረው አንዲት ወጣት ናት። እናቷ ቤቱን ጥላ ሄዳለች፤ አባቷ በመጠጥ ተጎድቷል። የሚጦረው ሌላ ሰው ስለሌለ ልጅቷ ትምህርቷን ታቋርጣለች። ከሚያፈቅራት ሰው ጋር በመኪናው ተሳፍረው ወደ ሌላ ከተማ ቢሄዱ ኑሮ ይሻሻላል ብላ ተስፋ ታደርጋለች። ይሄዳሉም፤ እርሷም በሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች። ነገር ግን ዓመታት ካለፉ በኋላ ያ ሰው ራሱ መጠጥ ቤት የሚያመሽ ሆኖ ይገኛል፤ ማለት የሸሸችው የአባቷ ኑሮ ተከትሏት መጥቷል። ይህን ሁሉ ስትነግረን ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ማንንም አትራገምም። የጊታሩ ዜማ ያው አንዱ እየተደጋገመ እንደ መኪና ጎማ ይዞራል። የሚሰማው ሰው ግን ልቡ ይነካል። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» የተባለው ለዚህ ነው።

ይህ ዘፈን የራሷ የሕይወት ታሪክ አይደለም። ይሁን እንጂ ለእኛ ለተማሪዎች አንድ ከባድ ነገር ይነግረናል። የዘፈኑ ኀዘን የሚጀምረው ልጅቷ ትምህርቷን ካቋረጠችበት ቀን ነው። ትምህርቷን ያቋረጠችውን ልጅ ታሪክ በዘፈን ያቆየችልን ደግሞ ትምህርት ቤት ደግፎ የያዛት ልጅ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአእምሮ ልዩነት እንዳይመስለን። ለአንደኛዋ እጁን የዘረጋ ሰው ነበረ፤ ለሁለተኛዋ ግን አልነበረም።

«ቢሃይንድ ዘ ዎል» የተባለው ዘፈን ደግሞ ያለ አንዳች መሣሪያ በባዶ ድምፅ ይዘፈናል። ከግድግዳ ወዲያ ሚስቱን የሚደበድብ ባል አለ፤ ጎረቤቲቱ ጩኸቱን እየሰማች መተኛት አቅቷታል፤ ፖሊስ ቢጠራም የሚረባ ነገር አይደረግም። በዚህ ስፍራ ጊታሩ እንኳ ዝም ማለቱ ታላቅ ማስተዋል ነው። በሌሊት አንድ ጩኸት ሰምቶ ሌላው ሁሉ ጸጥ ሲል ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። «ቤቢ ካን አይ ሆልድ ዩ» የተባለው ደግሞ «ይቅርታ» ማለት የተሳነውን ሰው የሚመለከት ለስላሳ የፍቅር ዜማ ነው። እኛ በአገራችን ባሕል እንዲህ ያለውን ቃል በሽማግሌ አስልከን ማስነገር የለመድን ስለሆንን ይህን ዘፈን ለመረዳት አልተቸገርንም።

ሁሉም ዘፈን እኩል ነው አንልም። «ዋይ» የተባለው ዘፈን በዓለም ላይ ረኃብና ጦርነት ለምን አለ እያለ በተከታታይ ይጠይቃል። ጥያቄው እውነት ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ስም ያለው ሰው፣ ቤት፣ ሥራ አይታይም፤ ስለዚህም እንደ «ፋስት ካር» አይዘልቅም። ከዚህ የተማርነው ትምህርት ለእኛም በክፍል ድርሰት ስንጽፍ ይጠቅመናል። «ድህነት ክፉ ነው» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ አንዲት ልጅ ደብተሯን ለምን እንደ ዘጋች መንገር ይበልጣል።

ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው ኃይል ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር በቤቱ ያለው ሰው ወሬውን ያቆማል፣ ወደ ደርዳሪው ይጠጋል፣ ትንፋሹንም ይሰበስባል። በገና ራሱ አይጮኽም፤ ሰሚው ነው ጸጥ የሚለው። የትሬሲ ቻፕማንም ድምፅ እንዲህ ያለ ባሕርይ እንዳለው በአንድ ታላቅ ቀን ታየ።

ያም ቀን ጁን 11 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው። በለንደን ከተማ በዌምብሊ ስታዲየም የኔልሰን ማንዴላ 70ኛ ዓመት የልደት በዓል በሙዚቃ ይከበር ነበር። እኒያ በ1962 ዓ.ም. በአገራችን በኮልፌ የጦር ትምህርት የቀሰሙት ማንዴላ በዚያን ጊዜ በደቡብ አፍሪካ ገና በእስር ላይ ነበሩ። በስታዲየሙ ከ70,000 የሚበልጥ ሕዝብ ተሰብስቧል፤ በዓሉም በቴሌቪዥን ከ60 በላይ ለሆኑ አገሮች ይተላለፍ ነበር። ትሬሲ ቻፕማን ቀደም ብላ ተራዋን ተጫውታ ወርዳለች። ከዚያ በኋላ ታላቁ ሙዚቀኛ ስቲቪ ዎንደር ሊወጣ ሲል የኤሌክትሮኒክ መሣሪያው ዝግጅት የተቀመጠበት ዲስክ ጠፋ። ያለ እርሱ ሊጫወት ስላልቻለ ተመልሶ ሄደ፤ በኋላ ግን በሌላ መሣሪያ መጥቶ ተጫውቷል። በመካከሉ ባዶውን መድረክ የሚሞላ ሰው ሲፈለግ ትሬሲ ቻፕማን ጊታሯን ይዛ ሁለተኛ ወጣች። የሚያጅባት ሰው አልነበረም። «ፋስት ካር»ን መዝፈን ስትጀምር ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ።

ይህን ዕድል ነው የሚል ይኖራል፤ እኛም ዕድል የለበትም አንልም። ዲስኩ ባይጠፋ ኖሮ ምናልባት ስሟ በዚያ ፍጥነት ባልተሰማም ነበር። ነገር ግን በዚያ ሰዓት ብዙ መሣሪያና ብዙ ዝግጅት የሚያስፈልገው ሰው ሊወጣ አይችልም ነበር። ልትወጣ የቻለችው ጥበቧ ሁሉ በእጇና በጕሮሮዋ ስለ ነበረ ነው። በምድር ባቡር ጣቢያ ሊሰማት ላልቆመ መንገደኛ ዓመታት የዘፈነች ሰው በስታዲየም ፊት አትደነግጥም።

ከዚያ ቀን በኋላ የሸክላው ገበያ ተለወጠ። በዚያው በ1988 ዓ.ም. በአሜሪካም በእንግሊዝም በሽያጭ አንደኛ ሆነ፤ በ1989 ዓ.ም. ሦስት የግራሚ ሽልማት አገኘች። በአሜሪካ ብቻ ከጊዜ በኋላ 6 ሚሊዮን ቅጂ ደርሷል። ነገሩም በዚህ አላበቃም። በ2023 ዓ.ም. ሉክ ኮምዝ የተባለ የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኝ «ፋስት ካር»ን እንደገና ዘፍኖ አወጣው። በዚያው ዓመት የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱን ምርጥ የዘፈን ድርሰት ሽልማት ለደራሲዋ ለትሬሲ ቻፕማን ሰጠ፤ ይህን ሽልማት ከጥቁር ደራስያን የተቀበለች የመጀመሪያዋ ሰው እርሷ ናት። በፌብሩዋሪ 2024 ዓ.ም. በግራሚ በዓል ላይ ሁለቱ በአንድ መድረክ ዘፈኑት። አንድ ዘፈን ከ35 ዓመት በኋላ የሌላ ቀለምና የሌላ ሰፈር ሰው የራሴ ነው ብሎ ከዘፈነው፣ በእውነት ላይ የተሠራ ነበር ማለት ነው።

ውድ ወላጆቻችን፤ አሁን በልባችሁ የምታስቡትን የምናውቅ ይመስለናል። «ልጄ ለፈተና ይዘጋጅ እንጂ ዘፈን ምን ያበላዋል?» ትላላችሁ። ይህ አሳብ ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አንንቀውም። እኛም በጥቂት ሳምንት ውስጥ የመልቀቂያ ፈተና የሚጠብቀን ተማሪዎች ነንና ፍርሃቱን እናውቀዋለን። ነገር ግን ሁለት ነገር እንድታስቡልን እንለምናለን። አንደኛ፣ ትሬሲ ቻፕማን ጊታሩን የያዘችው ትምህርቷን ጥላ አይደለም፤ ሁለቱንም ይዛ እስከ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ደርሳለች። ሁለተኛ፣ ጊታር የተሰጠው ሁሉ ትሬሲ ቻፕማን አይሆንም፤ እንዲሆንም አንጠብቅም። ከእኛ መካከል በደብተሩ የኋላ ገጽ ግጥም የሚጽፍ አለ፤ ማታ በመኝታ ቤቱ ለብቻው የሚያንጎራጕር አለ፤ በክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣ፣ ስሙም በሽልማት ቀን የማይጠራ አለ። ይህ ተማሪ የታወቀ ሰው ባይሆንም እንኳ አንድ ጊዜ የልቡን ተናግሮ መሰማቱ ለራሱም ለእኛም ዋጋ አለው። ምን እንደሚሆን አስቀድሞ አውቆ የሚረዳ ከሆነማ ማንም ማንንም ባልረዳ ነበር።

መምህራኖቻችንንም እናመሰግናለን። በመዘምራን ክፍል ድምፅ ከድምፅ ጋር እንዴት እንደሚስማማ አስተምራችሁናል፤ ጮኾ ከመዘመር ይልቅ ጎን ያለውን ሰው ማድመጥ እንደሚበልጥ የተማርነው ከእናንተ ነው። ይህን ሸክላ ለመስማት የሚችል ጆሮ ያገኘነውም በዚያ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ፍጻሜው ደርሰናል። ተመራቂዎች ለበዓሉ መታሰቢያ የክፍላችን ስም የተቀረጸበት የእብነ በረድ ሰሌዳ ለማሠራት ገንዘብ ስናዋጣ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ሰሌዳው ይቅር ብለን ተስማማን። በተዋጣው ገንዘብ አንድ ጊታርና ሁለት ክራር ተገዝተዋል፤ ዛሬም በዚህ ጠረጴዛ ላይ ይገኛሉ። ስማችን አልተጻፈባቸውም።

ከስጦታው ጋር አንድ ልመና አለን። እነዚህ መሣሪያዎች ለእንግዳ ቀን ብቻ እየወጡ በቁም ሣጥን ውስጥ እንዳይቈለፉ፣ ነገር ግን የቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ እንደሚዋስ በስም እየተመዘገቡ ለሳምንት ለሚጠይቅ ተማሪ ሁሉ እንዲዋሱ ክቡር ዲሬክተራችንን በትሕትና እንጠይቃለን። አውታር ይበጠስ ይሆናል፤ ክራሩም ከአንድ ሕፃን እጅ ወድቆ ይሰነጠቅ ይሆናል። የአውታር መግዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ስለ ተረፈን እርሱንም ለጽሕፈት ቤቱ እናስረክባለን። የተሰነጠቀውን ደግሞ የሚቀጥለው ክፍል ተማሪዎች አዋጥተው እንዲያሠሩት ዐደራ እንላቸዋለን።

የታችኛው ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ድምፃችሁ ዝቅ ያለ ነው ብላችሁ አትፈሩ። መጀመሪያ የምትናገሩት እውነት ይኑራችሁ፤ ከዚያም መጥታችሁ ጊታሩን ተዋሱ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።